ቮልዩሙ ከሩብ አላለፈም

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የተሰጠኝ የምስክር ወረቀት ከነመስታወቱ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ባለቤቴ "ሰው ይየው እንጂ፣ ለምን አትሰቅለውም?" ትለኛለች። አልሰቅለውም። ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

መሸኛው ራሱ ያናድድ ነበር። ዕድሜውን በድምፅ ሥራ የጨረሰ ሰው ሊሸኙ ተሰብስበው፣ ማይክሮፎኑን ከስፒከሩ ፊት ለፊት ተክለውት ጆሮ እስኪበሳ ሲያፏጭ አንድ ሰው እንኳ ተነሥቶ አላዞረውም። እኔም አልተነሣሁም። የክብር ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ አዲስ ጋቢ ተደርቦልኝ፣ በላብ ተጠመቅሁ። በዚያ ፉጨት መሀል አለቃችን "አቶ ምስጋናው በሥራ ዘመናቸው የሰው ዕቃ አበላሽተው አያውቁም" ብሎ ተናገረ። ሁሉም አጨበጨበ። ካጨበጨቡት ውስጥ ቢያንስ አምስቱ ይህ ውሸት መሆኑን በዓይናቸው አይተዋል። ይህን የምጽፈው በእነሱም በራሴም ስለ ተናደድሁ ነው።

ሙያውን ያስተማሩኝ አያ ኪሮስ ይባላሉ። ሰቆጣ ገበያው አጠገብ ራዲዮና ቴፕ ይጠግኑ ነበር። አፋቸውን የፈቱት በኽምጣንጋ ነው፤ አማርኛን ካደጉ በኋላ ስለ ተማሩት ቃል አያባክኑም። ሲቆጡ ግን ወደ ኽምጣንጋ ይመለሳሉ፤ ያኔ ማን ያቆማቸዋል!

ስፒከርና አምፕሊፋየር እንድናገጣጥም ሰው ቤት ስንጠራ አያ ኪሮስ መጀመሪያ መፍቻ አያወጡም። "ባለቤቱ የሚቀመጠው የት ላይ ነው?" ብለው ይጠይቁና እዚያው ሄደው ይቀመጣሉ። ከዚያ አንድ ጊዜ ያጨበጭባሉ። ጭብጨባው ከግድግዳው ተመልሶ ከመጣ "ይህ ቤት ወሬኛ ነው፤ መጀመሪያ እሱን ዝም እናሰኘው" ይላሉ። ወፍራም የሱፍ ባና ያስመጡና ከኋላ በኩል ግድግዳው ላይ ያሰቅላሉ። ባለቤቱን ደግሞ በየትኛው ጆሮው ይበልጥ እንደሚሰማ ይጠይቁታል። ዕቃ ሊያስገጥም የጠራን ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣበት ግራ ይገባዋል፤ አንዳንዱም ይቀየማል። እሳቸው ግድ የላቸውም።

ቀጥለው ከኪሳቸው የራዲዮ ባትሪ ድንጋይ ያወጣሉ። የስፒከሩን ሁለት ሽቦ ከድንጋዩ ጋር ለቅጽበት ያነካካሉ። የስፒከሩ አፍ ላይ ያለው ወረቀት ወደ ውጭ ከተገፋ ሽቦው በልኩ ተይዟል፤ ወደ ውስጥ ከሸሸ ተገልብጧል። ሁለት ስፒከሮች አንዱ ሲገፋ ሌላው የሚስብ ከሆነ ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። "ስፒከሬ ድምፁ ሳሳ፣ ትልቅ ልግዛ" የሚል ስንቱን ሰው ሽቦውን ብቻ ገልብጠው ከወጪ አድነውታል! ዛሬ ይህን የሚያደርግ የለም። ዛሬ ይሸጡልሃል፤ ሲቃጠል ሌላ ይሸጡልሃል።

ስለ ጉልበትም የሚሉት ነገር ነበራቸው። ሰው ሁሉ ትልቅ አምፕሊፋየር ስፒከር ያቃጥላል ብሎ ይፈራል። አያ ኪሮስ ግን አምፕሊፋየሩ ከስፒከሩ ትንሽ በርታ ቢል ይወዱ ነበር። "ብርቱ በቅሎ የሚገዛው ለመጋለብ አይደለም፣ ዳገት ላይ እንዳይለግም ነው" ይላሉ። ደካማ አምፕሊፋየር ሲጨነቅ ድምፁ ይሻክራል፤ ያ ሻካራ ድምፅ ነው ስፒከሩን የሚበላው። ብርቱው ግን እጅህን ከሰበሰብህ ሳይንተፋተፍ ይሠራል። እጅህን ካልሰበሰብህ ያው ይገድላል። ስለዚህ ገጥመው ሲጨርሱ የቮልዩሙ መዞሪያ አጠገብ በቢላ ጫፍ ጭረት ያደርጉና ለባለቤቱ "ከዚህ ወዲያ የእርስዎ አይደለም" ይሉታል።

የራሳቸው ቤት ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው አፈር ነው፤ ለድምፅ እንደዚያ ያለ ክፍል ሰቆጣ ውስጥ የለም። ሁለት ባለ ወረቀት ስፒከር ነበራቸው፤ ሣጥኑን ከዋንዛ ራሳቸው ሠርተውታል፤ ውስጡን በታጠበ የበግ ፀጉር ሞልተውታል። የሚፈትኑት በበገና ነው። የበገና አውታር ሲነዝር፣ ሣጥኑ አንድ ቦታ ላልቶ ከሆነ የራሱን ንዝረት ይጨምርበታል፤ ያን ጊዜ ያጠብቁታል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መደባቸው ላይ ተቀምጠው በገና ሲሰሙ ባለቤታቸው እትዬ ዝማም እንኳ አያናግሯቸውም።

ከእሳቸው ስወጣ በድምፅ ባለሙያነት መንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጠርሁ። እዚያው ሰቆጣ አካባቢ ወዳለው ዝቋላ ላኩኝ፣ ቀጥሎ አበርገሌ። አምፕሊፋየሩንና ሁለት የጥሩንባ ስፒከር በበቅሎ ጭኜ ቀን ሙሉ በእግሬ ሄጄ፣ ስብሰባው ግማሽ ሰዓት አይሞላም ነበር። ይህ አላናደደኝም። ያናደዱኝ አለቆቼ ናቸው። በየቦታው የተሾመው ሁሉ የሚያውቃት ቃል አንዲት ናት፤ "ከፍ አድርገው!" ሰው ይረዳው አይረዳው ግድ የለውም፤ ተራራው ካስተጋባ ይበቃዋል። አበርገሌ ላይ አንዱ አለቃዬ ሁለት ስፒከር ብቻ በሚችል አምፕሊፋየር ላይ አራት እንዳስር አዘዘኝ። "አይችልም፣ ይቃጠላል" አልሁት። "አንተ ሥራህን ሥራ!" አለኝ። አሰርሁት። በዚያ የተከዜ ሙቀት ንግግሩ መሀል ላይ ሳይደርስ ጨሰ። ማስጠንቀቂያ የተጻፈው ለእኔ ነው። በኋላ አያ ኪሮስ ሰሙና "ደብዳቤው ይገባሃል" አሉኝ። "እንዴት ይገባኛል? ታዝዤ እኮ ነው!" ስላቸው "እጁ የማን ነበር?" አሉ። ያን ጊዜ በጣም ነበር የተቀየምኋቸው።

ወደ ሰቆጣ ከተመለስሁ በኋላ ከሥራ ውጭ ባለው ጊዜዬ ትንሽ የጥገና ሱቅ ከፍቼ የሰው ቤት ድምፅ አስተካክል ነበር። ልጆቻቸው ዐረብ አገር የሄዱባቸው ቤቶች ናቸው ብዙዎቹ። ልጂቱ በካርጎ የምትልከው ቁም ሣጥን የሚያህል ስፒከር ነው፤ ክፍሉ አራት ሰው አያስተኛም፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ከፍተው ጣሪያው ሲንቀጠቀጥ ደስ ይላቸዋል። "አንዱን ጥንድ ሽጡት፣ ሌላውን ከጥጉ አውጡት" ስል እንደ ቀናተኛ ያዩኛል።

እዚህ ላይ አንድ ልማድ ልናገር። እኛ ዘንድ የልጅ ዕቃ ከባሕር ማዶ ሲመጣ ዘመድ ይሰበሰባል፤ ዕቃው ይመረቃል። ስፒከር ወይም አምፕሊፋየር ከሆነ ደግሞ ሰፈሩ መስማት አለበት። ዝግ አድርጎ መክፈት ልጂቱን ማሳነስ ነው። የልጅ ላብ በሹክሹክታ አይነገርም።

የአያ ኪሮስ ትልቋ ልጅ ለምለም ሪያድ ነበረች፤ በሰው ቤት ሠራተኛ ናት። አባቷ ሰማንያን ሲያልፉ ጆሯቸው እየከዳቸው መጣ። አሮጌዋን አምፕሊፋየር ከፍ ሲያደርጓት ትንተፋተፋለች፤ በገናውን መለየት አቃታቸው። ለምለም ይህን ሰምታ ገንዘቧን አጠራቅማ አምፕሊፋየር ላከች። እሷም ውሏን ጨርሳ ለፋሲካ ጠቅልላ ልትመጣ ነበር። ዕቃው ቀድሟት ደረሰ።

እንድገጥመው የተጠራሁት እኔ ነኝ። አምፕሊፋየሩን ከፍቼ አየሁት፤ ደኅና ዕቃ ነው፣ ንጹሕ ሥራ ነው። ከአያ ኪሮስ ስፒከሮች በብዙ ይበረታል፤ እጅ ከተሰበሰበ ግን ልክ እሳቸው የሚወዱት ዓይነት ነው። ሽቦውን አሰርሁ፣ በድንጋይ ፈተንሁ። ቮልዩሙን ሩብ ላይ አድርጌ የበገናውን ካሴት ከፈትሁ። ሽማግሌው መደባቸው ላይ ሆነው ዓይናቸውን ጨፈኑ። "መጣ፣ ጣት ጣቱ ሳይቀር መጣ" አሉ። እትዬ ዝማም እልል አሉ። ያን ቀን እዚያ ላይ ቤቴ ብሄድ ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

የሚመርቁት ቄስ መጡና አያ ኪሮስ ሊቀበሏቸው ወደ ደጅ ወጡ። ክፍሉ ውስጥ ሃያ የሚሆን ዘመድ ቀረ፤ የመሥሪያ ቤቴም ሰዎች ነበሩበት። አንዱ ካሴቱን አውጥቶ የሠርግ ዘፈን አስገባ።

"ከፍ አድርገዋ፣ ምስጋናው!"

"ይበቃል፣ ስፒከሮቹ አሮጌ ናቸው" አልሁ።

"የልጂቱ ላብ ነው እኮ! ሰፈሩ አይስማው? ወይስ የዐረብ አገር ዕቃ አያያዝ አታውቅበትም?" አለ አንድ የእናቷ ወንድም። ሰው ሳቀ።

ያቺ ሳቅ ናት። የስንት አገር ስብሰባ ድምፅ ያቀናሁ ሰው፣ አያያዝ አያውቅም ተባልሁ። ግማሽ አደረስሁት። "ገና ነው!" አሉ። ከግማሽ አሳለፍሁት። ጨፈሩ። ድምፁ ሲሻክር በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ አልሰማሁም አልልም። እጄን አልመለስሁም። ከዚያ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሸተተ፣ የግራው ዝም አለ፣ ወዲያው የቀኙ።

አያ ኪሮስ ሽታው ደጅ ድረስ ደርሷቸው ተመልሰው ሲገቡ እጄ መዞሪያው ላይ ነበር። ሰው ሁሉ እያየኝ ወደ ሩብ መልሼው ነበር።

"የት ነበር?" አሉኝ፣ በጣታቸው መዞሪያውን እያሳዩ።

"ከሩብ አላለፈም፣ አያ። አምፕሊፋየሩ ነው። ሲፈጥረው ብልሽት አለው፤ ስፒከሮቹን የበላቸው እሱ ነው።"

ሃያ ሰው ሰምቷል። አንድ ሰው "ኧረ አሳልፎታል" አላለም። የእናቷ ወንድም ምድር ምድሩን ያያል። የጭፈራችን ውርደት እንዳይነገር ሁላችንም ተስማማን፤ ማንም ሳይጠይቀን። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የእኔ ግን አላመለጠኝም፣ አስቤ ነው የተናገርሁት። አያ ኪሮስ ፊታቸውን አዙረው ሣጥኖቻቸውን ዳሰሱ። በኽምጣንጋም አልተቆጡም።

አምፕሊፋየሩን "ላየው" ብዬ ወደ ሱቄ ወሰድሁት። ፈተንሁት፤ ምንም አልነካውም፤ እንደ መጣ ነው። በጨርቅ ጠቅልዬ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥሁትና "ለመለዋወጫ እንኳ አይሆንም" ብዬ ላክሁባቸው። ከዚያ ስፒከሮቹንም አምጥቼ ጥገናቸውን ተያያዝሁት። የተቃጠለውን ኮይል ፈትቼ፣ ፀጉር የሚያህል ሽቦ ዙሩን እየቆጠርሁ እንደገና ጠመጠምሁ። ስንት ጊዜ ተበጠሰብኝ! አንደኛው ድምፅ አወጣ፣ ግን ኮይሉ ከማግኔቱ ጋር ይፋተግ ነበር። ወስጄ በአሮጌዋ አምፕሊፋየር ከፈትሁላቸው። መዳፋቸውን ሣጥኑ ላይ አሳርፈው ጥቂት ቆዩና "ይህ የኔ አይደለም፣ አጥፋው" አሉኝ። ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ዝም ብለው መደቡ ላይ ይቀመጡ ነበር አሉ።

ለለምለም በስልክ ነገሯት። "ዕቃው ብልሽት ነበረበት፤ የአባትሽንም ስፒከሮች በላቸው፤ ባለሙያው አይቶታል" አሏት። ባለሙያው እኔ ነኝ። አለቀሰች አሉ። "አታለሉኝ፤ ያባቴን ጆሮ እኔ ደፈንሁት። ባዶ እጄን አልመጣም፤ የሚያሰማውን ይዤ ነው የምመጣ" አለችና ለሁለት ዓመት እንደገና ፈረመች።

ይህን የነገሩኝ እትዬ ዝማም ናቸው፤ ገበያ ላይ አግኝተውኝ። "ፋሲካም ያለሷ ሊያልፍ ነው፣ ልጄ" አሉኝ። አፌን ከፍቼ መናገር እችል ነበር። ገና ብዙ ቀን አልሄደም ነበር፤ አንድ ቃል ብናገር ልጂቱ ትመጣ ነበር። "እግዜር ያውቃል፣ እትዬ" አልሁ። እግዜርማ ያውቃል! የማያውቁት እሳቸው ነበሩ።

በሁለተኛው ዓመት እትዬ ዝማም ታመው ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ።

ለምለም ልትደርስ አልቻለችም፤ አሠሪዋ አልለቀቃትም። በሣልስቱ ዘመድ ተማክሮ እናቷን በስልክ ታልቅስ ተባለ። ዛሬ እንዲህ ሆኗል፤ ስንቷ ናት ከሩቅ አገር ሆና እናቷን የምታለቅስ። ድንኳኑ ግን ትልቅ ነው፣ ሰው ብዙ ነው፣ አያ ኪሮስ ደግሞ ጭራሽ አይሰሙም። "ምስጋናው ያሰማን" ተባለ። የመሥሪያ ቤቱ ዕቃ ያለበት መጋዘን ተቆልፎ ጠባቂው ገጠር ሄዷል። የምጠግነው አምፕሊፋየር ሁሉ አንጀቱ ወጥቶ ተበትኗል። ሱቄ ውስጥ የሚሠራ አንድ ብቻ ነበር፤ በጨርቅ የተጠቀለለው።

ጋቢዬ ስር ይዤው ሄድሁ። ከቤቴ ሁለት ጥሩ ስፒከሮች አመጣሁ። ስልኩና ስፒከሩ ከተያዩ ስለሚያፏጭ ስፒከሮቹን ወደ ሕዝቡ አዙሬ፣ ስልኩን ከማይክሮፎኑ ጋር አጣብቄ ከኋላ ያዝሁ። አምፕሊፋየሩን ጨርቅ አለበስሁት። አያ ኪሮስን አንደኛው ስፒከር አጠገብ አስቀመጧቸው። መዳፋቸውን ሣጥኑ ላይ አሳረፉ።

ለምለም ጀመረች። ድምፅዋ ጥርት ብሎ ወጣ፤ ትንፋሿ፣ ሳጓ ሳይቀር። ሰው ተነሣ፣ ደረቱን መታ። አያ ኪሮስ ቀና አሉ፤ ይሰሙ ነበር። ከዚያ ዘወር ብለው ሽቦውን በዓይናቸው ተከተሉና ተነሥተው መጥተው ጨርቁን ገለጡት። አንድ ጊዜ ያዩትን ዕቃ የሚረሱ ሰው አይደሉም።

"ምስጋናው፣ ይህ የማን ነው?" አሉ። ጆሮው የደነቆረ ሰው ድምፁን አይመጥንም፤ ማይክሮፎኑ ደግሞ እጄ ላይ ክፍት ነበር። ጥያቄው በድንኳኑ ሁሉ ተሰማ። ሪያድም ተሰማ፤ ለምለም ሙሾዋን አቋረጠች።

"የመሥሪያ ቤት ነው" የምትለዋ ቃል ምላሴ ላይ ነበረች። ሽማግሌው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ደከመኝ።

"የለምለም ነው" አልሁ።

"ምን አሉ፣ አያ ምስጋናው?" አለች ከስፒከሩ። "እኔ የላክሁት? ብልሽት አለው አላላችሁም?"

"ብልሽት የለውም። ቮልዩሙን ከልክ በላይ ያሳለፍሁት እኔ ነኝ። ያባትሽን ስፒከሮች ያቃጠልሁ እኔ ነኝ። ያንቺ ዕቃ ያን ዕለትም ደኅና ነበር።"

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። እኛ አገር በሙሾ የተነገረ ነገር መልስ የለውም፤ የተነካ ሰው ቆሞ ይሰማል እንጂ ጥሎ አይወጣም። ለምለም ይህን ታውቃለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለች፦

"እማዬን ላያት ነው ስሰናዳ የኖርሁ፤
ባንድ ሰው ውሸት ነው በስልክ የቀበርሁ።"

አልቃሾቹ ተቀብለው መልሰው አሉት። ደጋግመው አሉት። እኔ ስልኩንና ማይክሮፎኑን እንደ ያዝሁ ቆሜአለሁ፤ ልቀቀው ብል ድምፅዋ ይቋረጣል። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደዚያ የጠራ ድምፅ ገጥሜ አላውቅም። አንዲት ቃል አልጠፋችም፤ አያ ኪሮስ እንኳ ሁሉንም ሰሙ።